ኮርፍ ካስል ኪሪን አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ እንግሊዛዊቷ የልጆች ደራሲ ኤኒድ ብላይተን «ፌመስ ፋይቭ» ተከታታይ መጻሕፍትና ታሪኮቹ ስለተወለዱባቸው የእንግሊዝ አገር ቦታዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብበነዋል። ሆኖም ከጽሑፉ ጋር የወጣው ፎቶግራፍ ግርጌ ላይ «የኪሪን ደሴት ግንብ» የተባለው ኮርፍ ካስል፣ በደቡብ እንግሊዝ በዶርሴት አውራጃ ያለው የፈረሰ ግንብ፣ በመጽሐፎቹ ውስጥ ያለችው ኪሪን አይደለም። ስሕተቱ የእናንተ ብቻ ነው አንልም፤ አስጎብኚዎችም መጽሐፎቹን ጠንቅቀው የሚያውቁ አንባቢዎችም ደጋግመው ይሉታል። ግን ይህን አምኖ ወደ ዶርሴት የሚሄድ ሰው የሌለ ደሴት ሲፈልግ ይውልና ደራሲዋ በራሷ ብዕር «ይህ እውነተኛ ነው» ያለችለትን ቦታ ሳያይ ይመለሳል። ስለዚህ ግርጌ ጽሑፉን እንድታርሙት እየጠየቅን፣ ለመሄድ ለሚያስብም ሆነ ካርታ ዘርግቶ ከቤቱ ሆኖ ለሚከታተል አንባቢ የሚጠቅመውን እንጽፋለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮርፍ የቆመው በፐርቤክ ሸንተረር መካከል በተከፈተ በር፣ መንደሩን ቁልቁል በሚያይ ጉብታ ላይ ነው። ዙሪያው መስክና ኮረብታ እንጂ ውኃ አይደለም፤ ባሕሩ ኪሎ ሜትሮች ይርቀዋል። ያፈረሰውም ማዕበል ወይም ዕድሜ ሳይሆን ባሩድ ነው። በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ሌዲ ሜሪ ባንክስ ከበባ ተቋቁማ ስትከላከለው ቆይታ በ1646 በውስጥ ሰው ክህደት ተያዘ። የፓርላማው ወገንም ዳግመኛ ምሽግ እንዳይሆን ብሎ ግድግዳውን ከመሠረቱ አፈነዳው። ዛሬ ወደ ጎን አዘንብለው የሚታዩት ማማዎች የዚያ ፍንዳታ ቅሪት ናቸው።

አሁን በ1942 የታተመውን የመጀመሪያውን መጽሐፍ፣ «ፋይቭ ኦን ኤ ትሬዠር አይላንድ»ን እንክፈት። ባለታሪኮቹ ጁሊያን፣ ዲክ፣ አንና ጆርጅ መባልን የምትመርጠው ጆርጂና፣ እንዲሁም ውሻዋ ቲሚ ናቸው። ኪሪን ከባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ዙሪያዋን ሹል አለት ከቦታል፤ በአለቱ መካከል ጀልባ የሚያሳልፈውን ጠባብ መንገድ የምታውቀው ጆርጅ ብቻ ናት። ከደሴቷ አጠገብ ከባሕሩ ሥር የሰመጠ አሮጌ መርከብ አለ፤ አንድ ሌሊት ብርቱ ማዕበል ከሥሩ አንሥቶ አለት ላይ ይጥለዋል። በመርከቡ ውስጥ የተገኘው ሣጥን ካርታ ይዟል፤ ካርታው ጥፍጥፍ ወርቅ ወደ ተደበቀበት የግንቡ ምድር ቤት ይመራል። ከዚህ ታሪክ ባሕሩን ብታወጡት የሚቀር ነገር የለም። ጁሊያንና ጆርጅ ምድር ቤት ሲታገቱና ጆርጅ ዲክን ወደ ወጥመድ የሚጠራ ማስታወሻ እንድትጽፍ ስትገደድ፣ መጨረሻው ላይ «ጆርጂና» ብላ ትፈርማለች። በዚያ ስም መጠራትን እንደምትጠላ የሚያውቀው ዲክ ወዲያው ይነቃል። ብልሃቱ የሚሠራው ደግሞ ሁሉም በአንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ስለታጠሩና ለእርዳታ ሮጦ የሚሄዱበት መንደር ስለሌለ ነው። ኮርፍ ላይ ቢሆን ኖሮ ዲክ በአምስት ደቂቃ ሮጦ ዋናው አደባባይ ይደርስ ነበር።

ታዲያ ኮርፍ ከየት መጣ? ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። ብላይተን ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በስዋኔጅና በስተድላንድ ዕረፍቷን ታሳልፍ ነበር፤ ኮርፍም በመንገዷ ላይ ነው። የተሰባበሩት ማማዎችና በላያቸው የሚንጫጩት ትንንሽ ቁራዎች በመጽሐፉ ካለው የግንብ ገለጻ ጋር ይመሳሰላሉ፤ ከዚያ አንዳንድ ነገር ወስዳ ከሆነ አያስገርምም። ሐሳቡን ያጸናው ግን ሲኒማው ይመስለናል። በ1957 ለልጆች የተሠራው ተከታታይ ፊልም ኮርፍን የኪሪን ግንብ አድርጎ ቀርጾታል። ፊልሙን ያየ ልጅ መጽሐፉን ባነበበ ቁጥር የሚታየው ኮርፍ ነው፤ ያ ልጅ ሲያድግ ደግሞ ለልጆቹ ያንኑ ይነግራል።

ደራሲዋ ራሷ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው የጠቆመችው። ብላይተን በ1924 ሂዩ ፖሎክን አግብታ የጫጉላ ጊዜዋን ያሳለፈችው በፈረንሳይ ጠረፍ አጠገብ ባለችው በጀርሲ ደሴት ነበር። በኋላ ለአንባቢ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ኪሪንን የወለደችው ጀርሲ ሳለች ያየቻት፣ አሮጌ ግንብ ያለባትና ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ በእግር የሚደረስባት ደሴት እንደሆነች ገልጻለች። ለዚህ ገለጻ የሚስማማው በሴንት ሄልየር ከተማ ፊት ለፊት ያለው ኤልዛቤት ካስል ነው። ከ1590ዎቹ ጀምሮ የተገነባ ምሽግ ሲሆን ውኃው ሲጎድል ከከተማው ወደ እርሱ የሚወስድ የድንጋይ መንገድ ይገለጣል፤ ውኃው ሲሞላ ደግሞ ደሴት ይሆናል።

የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ልብ ያለ ሰው ለዚህ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። በጀርሲ ዙሪያ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 12 ሜትር ይደርሳል፤ በዓለም ከታወቁት ታላላቆቹ አንዱ ነው። ኮርፍ ባለበት በፐርቤክ ጠረፍና አጠገቡ ባለው በፑል ወደብ ግን ልዩነቱ 2 ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ «ጠዋት በእግር የሚኬድበት፣ ከሰዓት የሚዋጥ ግንብ» የሚለው ምስል በዶርሴት ጠረፍ ሊፈጠር አይችልም። ብላይተን ያንን የጀርሲ ግንብ ወስዳ የድንጋይ መንገዱን ግን አስቀርታዋለች፤ ትክክልም አድርጋለች። መንገዱን ብትተወው ወንበዴዎቹ ያለ ጀልባ ይመጡ፣ ልጆቹም ያለ ጀልባ ያመልጡ ነበር።

ኤልዛቤት ካስልን ሊያይ የሚሄድ ሰው ይህንኑ ቁጥር በአእምሮው ይያዝ። የድንጋይ መንገዱ የሚገለጠው ባሕሩ ጨርሶ በሚጎድልበት ሰዓት ዙሪያ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ውኃው ሲመለስ ከፊት ለፊት ብቻ ሳይሆን ከሁለቱም ጎን ነው የሚመጣው፤ የመንገዱ መካከል ከዳሩ ዝቅ ስለሚል ቀድሞ የሚሸፈነው እርሱ ነው። ሰው የሚሳሳተው እግሩ ሥር ያለው ድንጋይ ደረቅ መሆኑን አይቶ ሲነሣ ነው። የዕለቱ ሰዓት በመነሻው ላይ ይለጠፋል፤ ሰዓቱ ካለፈ በውኃም በየብስም የሚሄደውን የግንቡን ተሽከርካሪ መጠበቅ ነው።

እዚህ ላይ ብላይተን እንዴት ትጽፍ እንደነበር ማወቅ ይረዳል። ለሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ማክኬላር በጻፈቻቸው ደብዳቤዎች እንዳስረዳችው አስቀድማ ንድፍ አታወጣም ነበር። የጽሕፈት መኪናዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አእምሮዋን ባዶ ታደርጋለች፤ ታሪኩም እንደ ሲኒማ ፊቷ ላይ ሲያልፍ እርሷ የምታየውን ትጽፋለች። በአንድ ቀን እስከ 10,000 ቃላት የጻፈችበት ጊዜ አለ። እንዲህ የተጻፈ ነገር ቦታን እንደ ቀያሽ አይጠብቅም። ለምሳሌ በ1942ቱ መጽሐፍ ወደ ኪሪን ከጀልባ በቀር መንገድ የለም፤ በ1947ቱ ግን ከየብሱ የድንጋይ ካባ ተነሥቶ በባሕሩ ሥር ወደ ደሴቷ የሚወስድ ዋሻ ይገኛል። በ1943ቱ መጽሐፍ ደግሞ በኪሪን የእርሻ ቤትና ጎጆ መካከል ያን ጊዜ ድረስ ማንም ያላወቀው ምሥጢራዊ መተላለፊያ አለ። የሃያ አንዱንም መጽሐፍ መረጃ ሰብስበው አንድ የኪሪን ካርታ ሊሠሩ የሚሞክሩ አሉ፤ ልፋታቸውን እናደንቃለን፤ ካርታው ግን ሁሌም አንድ ቦታ ላይ ይጣላል። የተሻለው ዘዴ እያንዳንዱን መጽሐፍ ለብቻው መያዝና «ይህ ገጽ ምን ያህል ርቀት፣ ምን ዓይነት መሬት፣ ምን ዓይነት ውኃ ይፈልጋል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ስም አይጠቅምም፤ ስሞቹን ሁሉ እርሷ ናት የፈጠረቻቸው።

አሁን ጽሑፋችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ወዳለፈው፣ በፑል ወደብ ውስጥ ወዳለው ብራውንሲ ደሴት እንምጣ። በ1962 የታተመው ሃያኛው መጽሐፍ «ፋይቭ ሃቭ ኤ ሚስትሪ ቱ ሶልቭ» የሚተርከው ስለ «የሹክሹክታ ደሴት» ነው። ብላይተን በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ለአንባቢዎቿ አጭር ማስታወሻ ጽፋለች። በትልቁ ወደብ ውስጥ ያለችው ደሴት እውነተኛ መሆኗን፣ ኮረብታው ላይ ያለው ትንሽ ቤትና የውኃ ጉድጓዱ እውነተኛ መሆናቸውን፣ የጎልፍ ሜዳውም እርሷ ራሷ የተጫወተችበት መሆኑን ትናገራለች። ሉካስ የሚባለው የጎልፍ ሜዳ ሠራተኛ እንኳ እውነተኛ ሰው ነው ትላለች። እውነተኛ ያልሆነው ዊልፍሪድ ብቻ ነው፤ በዋሽንቱ እንስሳትን የሚጠራው ልጅ። እንዲህ በግልጽ የመሰከረችለት ቦታ ሌላ የለም። ኪሪንን የሚፈልግ ሁሉ ይህችን አንድ ገጽ ቢያነብ ኖሮ ጉዞው ከኮርፍ ሳይሆን ከዚህ ይጀምር ነበር።

የጎልፍ ሜዳው በስተድላንድና በኮርፍ መካከል ካለው መንገድ ዳር ነው፤ ብላይተንና ሁለተኛ ባሏ ኬኔት ዳሬል ዋተርስ በ1950ዎቹ የሜዳው ባለቤቶች ነበሩ። ከዚያ ከፍታ ሆኖ ወደ ሰሜን የሚያይ ሰው በመጽሐፉ የተጻፈውን ያገኛል፦ ሰፊ ሰማያዊ ወደብ፣ መካከሉ ላይ በዛፍ የተሸፈነ ደሴት። የጎልፍ ሜዳ መሆኑን ግን አይርሱ፤ ኳስ በሚመታበት መስክ ላይ እየተዘዋወሩ ቤት መፈለግ አደገኛም ነውረኛም ነው። ያንኑ ዕይታ ከሕዝብ መንገድ ማግኘት ይቻላል። ከኮርፍ ተነሥቶ በሸንተረሩ ጀርባ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው የእግር መንገድ ናይን ባሮው ዳውንን አልፎ ባላርድ ዳውን ይደርሳል። ከፍተኛው ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 200 ሜትር ገደማ ነው። በግራ የፑል ወደብና ብራውንሲ፣ በቀኝ የስዋኔጅ ባሕረ ሰላጤ አብረው ይታያሉ። ከሰዓት በኋላ መሄዱ ይመረጣል፤ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዞራ ከጀርባችሁ ስለምትሆን የደሴቷ ዛፎች ለየብቻ ይለያሉ። ጠዋት ወደብ ላይ ጭጋግ ካለ ደሴቷ ጨርሶ ላትታይ ትችላለች።

ብራውንሲ በዚያን ጊዜ ለምን አስፈሪ እንደነበረች ሲታወቅ መጽሐፉ ሌላ መልክ ይይዛል። ደሴቷን በ1927 የገዙት ሜሪ ቦናም ክሪስቲ የተባሉ ባለጸጋ እንግዳ አይፈልጉም ነበር፤ ሰው ከወረደ ጠባቂዎች ይመልሱት ነበር። በ1934 ታላቅ ቃጠሎ አብዛኛውን የደሴቷን ክፍል አጠፋ። ከዚያ በኋላ እንዲሁ ተተወች፤ ጫካው ለራሱ ቀረ። ባለቤቷ በ1961 ከሞቱ በኋላ ደሴቷ ናሽናል ትረስት በተባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት እጅ ገባች፤ ለሕዝብ የተከፈተችው በ1963 ነው። መጽሐፉ የወጣው በ1962 ነውና ብላይተን ስትጽፍ ብራውንሲ ከኮረብታው ላይ በሩቅ የምትታይ፣ ሊረግጧት የማይቻል ደሴት ነበረች። በታሪኩ ውስጥ ጠባቂ ያቆመው አዛውንትና ማንም እንዳይጠጋ የሚባለው ወሬ ከዚህ የመጣ ነው። የዛሬው ጎብኚ ሻይ ቤትና የመጸዳጃ ምልክት አይቶ ቅር እንዳይለው ይህን ከወዲሁ ማወቅ አለበት፤ መጽሐፉ ያለው በኮረብታው ላይ ነው፣ በደሴቷ ላይ አይደለም።

ለመውረድ የሚፈልግ ከፑል ከተማ ወደብ ወይም ከሳንድባንክስ በጀልባ ይሻገራል፤ ከሳንድባንክስ ያለው መንገድ አጭር ነው። ጀልባዎቹ የሚሠሩት በሞቃቱ ወራት ነው፤ በቀዝቃዛዎቹ ወራት ሄዶ ዝግ ማግኘት የተለመደ ነው። የመጨረሻውን የመመለሻ ጀልባ ሰዓት ሲወርዱ ጠይቀው ይጻፉት፣ ምክንያቱም ደሴቷ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ስለምትረዝም ከምዕራብ ጫፍ ወደ መሳፈሪያው ለመመለስ ጊዜ ይወስዳል። መጽሐፉን ያነበበ ልጅ ወዲያው የሚፈልገው ግንቡን ነው። ግንብ አለ፤ ከሄንሪ ስምንተኛ ዘመን ምሽግ የተነሣ ነው፤ ግን ለአንድ ትልቅ የንግድ ድርጅት ሠራተኞች ማረፊያ ሆኖ ስለተከራየ ለጎብኚ አይከፈትም። ከውጭ ብቻ ይታያል፤ ለልጁ አስቀድሞ መንገሩ ይሻላል። በምትኩ ቀይ ሽኮኮዎች አሉ፤ በደቡብ እንግሊዝ እነርሱን ለማየት ከቀሩት ጥቂት ቦታዎች አንዷ ብራውንሲ ናት። ጠዋት በመጀመሪያው ጀልባ የሄደ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከጥድ ዛፎቹ ሥር የቆመ ሰው የማየት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ወደ ቀትር ሕዝቡ ሲበዛ ሽኮኮዎቹ ይወጣሉ፣ ወደ ላይ ማለታችን ነው። የስካውት መሥራቹ ባደን ፓወል በ1907 የመጀመሪያውን የስካውት ሰፈር የሞከሩትም እዚሁ ነው።

አንድ ነገር ግን ለዚህ ተከታታይ ወዳጆች መራራ ነው፦ በብራውንሲ ከመሪ ውሾች በቀር ውሻ አይገባም። አምስተኛው አባል ቲሚ በሕጉ መሠረት ሳንድባንክስ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ምክንያቱ መሬት ላይ የሚፈለፍሉት ወፎችና ሽኮኮዎቹ ናቸው፤ ክርክር የለውም። ውሻ ይዘው የሚጓዙ ቤተሰቦች ይህን ሳያውቁ ወደቡ ላይ ደርሰው ሲመለሱ ይታያል። ኮርፍ ካስል ግን በማሰሪያ የተያዘ ውሻ ያስገባል፤ ከስዋኔጅ ወደ ኮርፍ በሚሄደው የእንፋሎት ባቡርም ውሻ ይሳፈራል።

ስለ ባቡሩ ጥቂት። የስዋኔጅ መስመር በ1885 ተከፍቶ በ1972 ተዘግቶ ነበር፤ በጎ ፈቃደኞች ከስዋኔጅ ጀምረው ሐዲዱን ቁራጭ በቁራጭ መልሰው ሠሩት፤ በ1995 ኮርፍ ካስልና ኖርደን ደረሱ። ዛሬ በእንፋሎት የሚሄዱት 9 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። መኪናውን ኖርደን አቁሞ በባቡር ኮርፍ መውረድ ይበጃል፤ መንደሩ ጠባብ ስለሆነ በሞቃቱ ወራት መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይበላል። ብላይተን ወደ ፐርቤክ በመጣችበት ዘመን ይህ መስመር ይሠራ ስለነበር፣ ልጆቹ ለዕረፍት ወደ ኪሪን በባቡር የሚመጡባቸውን ገጾች እዚህ ማንበብ ትርጉም አለው። የሚጠነቀቁት ነገር ቢኖር የእንፋሎት ባቡሩ በየቀኑ አለመሄዱ ነው።

ለመንገዱ ሁሉ አንድ ካርታ ይበቃል፤ የኦርድናንስ ሰርቬይ ኤክስፕሎረር ኦኤል 15፣ ፐርቤክንና ደቡብ ዶርሴትን የያዘው። ስኬሉ 1፡25,000 ነው፤ በካርታው ላይ 4 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። በአረንጓዴ ቁርጥራጭ መስመር የተሣሉት መንገዶች ለሕዝብ የተፈቀዱ ናቸው። የስልክ ካርታ ብቻውን አይታመንም፤ በሸንተረሩ ግርጌና በቁጥቋጦው ሜዳ ላይ ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ ብዙ ነው።

ያ ቁጥቋጦማ ሜዳ በራሱ ሊታይ ይገባዋል። በ1954ቱ «ፋይቭ ጎ ቱ ሚስትሪ ሙር» ውስጥ ልጆቹ በሰው አልባ ሜዳ ላይ የተተወ አሮጌ ሐዲድ ተከትለው ይሄዳሉ፤ ድንገት ጭጋግ ይወርድባቸዋል። ከኖርደን በስተሰሜን ያለው ሜዳ ለዚህ የሚስማማ ብዙ ነገር አለው። ለሸክላ ሥራ የሚፈለገው ነጭ አፈር ከዚህ እየተቆፈረ ወደ ፑል ወደብ ይወርድ ነበር። በ1806 የተሠራው የሚድልቢር የፈረስ ሐዲድ ወደ ወደቡ ወሽመጥ ይሄድ ነበር፤ ሌላው ደግሞ እስከ ጎትሆርን ድረስ ይዘልቅ ነበር። ሐዲዱ ከተነሣ ቆይቷል፤ ግን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ዝቅ ያለ ደልደል በሣሩ መካከል አሁንም ይታያል። ደራሲዋ ይህ ነው አላለችም፤ ስለዚህ «ሊሆን ይችላል» ከሚለው አናሳልፈውም። በዚህ ሜዳ የሚያጋጥመው ችግር ከመጽሐፉ ይልቅ ተራ ነው። በሞቃት ወራት መዥገር ይበዛል፤ በሽታ ስለሚያስተላልፍ ሱሪን ካልሲ ውስጥ ከትቶ መሄድ፣ ማታ ጉልበት ኋላንና ብብትን መፈተሽ ነው። የተጣበቀ ከተገኘ በቀጭን መቆንጠጫ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ እንጂ ዘይት ወይም እሳት አይደረግም። እፉኝትም አለ፤ ጠዋት በመንገዱ ዳር ፀሐይ ይሞቃል፣ ካልነኩት አይነካም። ለስላሳ አረንጓዴ የሆነ ሣር ሲያዩ አይርገጡ፤ ከሥሩ ረግረግ ነው።

ከባላርድ ዳውን ወደ ኦልድ ሃሪ ነጭ አለቶች የሚወርዱ ሰዎች ጫፉ ላይ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። አለቱ ኖራ ነው፤ ከሥሩ ባሕሩ ስለሚቦረቡረው ጫፉ ሳይታሰብ ይናዳል። በተለይ ከዝናብ በኋላ ብዙ ሜትር መራቅ ነው።

የ1960ው «ፋይቭ ኦን ፊኒስተን ፋርም» ቦታው ከጠረፉ የራቀ፣ በሰሜን ዶርሴት ያለው ስቱርተን ኮንድል መንደር ነው። ብላይተንና ባሏ በ1956 በዚያ ማኖር ፋርም የተባለውን እርሻ ገዝተው ነበር። በታሪኩ ውስጥ የጠፋ ግንብና እህል የሚከማችበት አሮጌ ጸሎት ቤት አለ፤ በእርሻው ላይም የመካከለኛው ዘመን ጸሎት ቤት አለ። ከኪሪን ይልቅ ይህ ከእውነታው ጋር ተጠግቶ የተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ የእርሻ ሥራው፣ የመሣሪያው፣ የከብቱ ዝርዝር የባለቤት ዝርዝር ነው። ግን የግል ቤት ነው። ከመንገዱ አይቶ ማለፍ እንጂ በር ማንኳኳት ተገቢ አይደለም።

መጽሐፎቹን ስለ መግዛት ጽሑፋችሁ «ማንኛውም እትም ይበቃል» ብሏል፤ ቦታ ለሚፈልግ አይበቃም። አሳታሚው ሆደር በ2010 የልጆቹን አነጋገር ዘመናዊ ያደረገ እትም አወጣ፤ አንባቢ ስላልተቀበለው በ2016 ወደ ቀድሞው ተመለሰ። የ1942ቱን መጽሐፍ ያገለገለ የሚገዛ ሰው የመጀመሪያውን ገጽ ያንብብ። ጁሊያን በቁርስ ገበታ ላይ እናቱን የሚጠራበት ቃል የድሮውን «ማዘር» ካልሆነና «መም» ከሆነ የተለወጠው እትም ነው። ሥዕሎቹም ይለያያሉ። ሃያ አንዱንም መጀመሪያ የሣለችው አይሊን ሶፐር ናት፤ በ1970ዎቹ የወጡት የወረቀት ሽፋን እትሞች ብዙዎቹ የቤቲ ማክሲ ሥዕል አላቸው። የሶፐርን ምረጡ እንላለን፤ ውሻውና አለቱ በእጇ ሕይወት አላቸው። ሆኖም ሥዕሉን እንደ ቦታ ማስረጃ አትያዙት። ሶፐር የኖረችው ከባሕር በራቀው ሄርትፎርድሺር ነው፤ የኪሪንን ግንብ ከኮርፍ ፎቶግራፍ ጋር እያነጻጸሩ ማማ መቁጠር የትም አያደርስም።

ለልጅ የሚያነብ ወላጅ ሌላም ነገር ይጠብቀዋል። የሚንከራተቱ ሕዝቦች በመጽሐፎቹ የሚታዩት ብዙ ጊዜ በጥርጣሬ ዓይን ነው፤ «ሚስትሪ ሙር» ውስጥ ይህ ጎልቶ ይታያል። አንን ዕቃ አጣቢ የሚያደርገው የቤት ሥራ ክፍፍልም ለዛሬ ልጅ ጥያቄ ያስነሣል። መደበቅ አያስፈልግም፤ ጥያቄው ሲነሣ መልስ መስጠት ነው።

ሃያ አንዱን ሁሉ መግዛት ለማይችል፣ ከቦታው ጋር ለማንበብ ሦስቱ ይበቃሉ፦ የ1942ቱ፣ የ1960ውና የ1962ቱ። የመጀመሪያውን ጀርሲ ላይ ወይም ቤት፣ ሁለተኛውን በስቱርተን ኮንድል መንገድ ላይ፣ ሦስተኛውን በባላርድ ዳውን ሸንተረር ላይ ወደ ወደቡ ዞሮ። የመጨረሻው ላይ መግቢያውን መዝለል የለም፤ አንዳንድ ርካሽ እትሞች ማስታወሻውን አውጥተውታልና ከመግዛታችሁ በፊት ከታሪኩ ቀድሞ ያለውን ገጽ ገልጣችሁ እዩ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢዎች